ዙር የማይሞላበት የሯጮች አገር

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚህ የሯጮች አገር አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ሐይቅ ወይም ግንብ ዞሮ፣ ማንም "ወዴት ነሽ?" ሳይለው የተነሳበት ቦታ የሚመለስበት መንገድ የት ነው ያለው? ሜዳሊያ አላማረኝም። ሰዓትም አላሻሽልም። አንድ ሙሉ ዙር ብቻ ነው የምፈልገው። አንድ!

የምኖረው ሐረር ነው፤ ከደጄ ልጀምር።

ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማችንን፣ በካርታ ያየ ሰው ለሩጫ ተብሎ የታጠረ ነው የሚመስለው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቴ ብትዞሩት 10 ኪሎ ሜትር ሞላ። ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም፣ በሮቹን መቁጠር ነው፦ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ከዚያ በኋላ ለመኪና ተብሎ የተከፈተው ትልቁ በር። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. መዝግቦታል። ፈረንጁ ከዓለም ጫፍ መጥቶ እየዞረ ፎቶ ያነሳዋል። እኔ የሰፈሩ ሰው ግን ሮጬ ልዞረው አልቻልኩም።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ከሸዋ በር እነሳለሁ። ያቺ ሰዓት ገነት ናት፣ አልዋሽም። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሱቆቹ የተዘጉ፣ ከየመስጊዱ የሚወጡ ሽማግሌዎች ብቻ ቀስ እያሉ የሚሄዱበት። ፈላና በር አካባቢ ጅብ አገኛለሁ። አዎ፣ ጅብ። ሌሊቱን ከተማ ውስጥ ሲለቃቅም አድሮ ወደ ጫካው እየተመለሰ። ግንቡ ሥር የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች ከጥንት ጀምሮ አሉት። ቆም ብሎ ያየኛል፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ መስመር ላይ ምንም ሳይለኝ የሚያልፍ ፍጡር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ምክንያቱም ከጅቡ ቀጥሎ ሰው ይመጣል።

"ማን አባረረሽ አቦ?" ይላል አንዱ። "ደራርቱ! በርቺ!" ይላል ሌላው፣ እየሳቀ። አንዷ እናት ደግሞ ከልባቸው አዝነው "ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?" ብለውኛል። እሳቸውን እወዳቸዋለሁ። የሚያበሽቀኝ ያ የሚስቀው ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ ያልፈነጠዘ የለም። አሁንም ታሪኩ በተነሳ ቁጥር ደረቱን ይነፋል። ሰፈሩ ውስጥ አንዲት ሴት ቱታ ለብሳ ስትሮጥ ሲያይ ግን ጓደኛውን በክርኑ ይጎሽማል። ቴሌቪዥን ውስጥ ከሮጥሽ ጀግና፣ ደጁ ላይ ከሮጥሽ እብድ። ባጃጅ ነጂውማ ሌላ ጉድ ነው። ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጎን ለጎን እየሄደ፣ በደንብ አይቶኝ ሲያበቃ፣ "ላድርስሽ?" ይላል። የት ነው የሚያደርሰኝ? የምሮጠው እኮ ቤቴ ለመመለስ ነው! ዝም ካልኩት ደግሞ "ኩራቷ!" ይከተላል።

ወደ ኤረር በር መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ እዚያ ጋ ነው ዙሩ መሰበር የሚጀምረው። እዚህ የግንባታ አሸዋ ተደፍቷል፣ እዚያ ላይ ቆሻሻ ተቆልሏል፣ ወረድ ሲባል ከገጠር የመጡ ሴቶች ማገዶና አትክልት ዘርግተዋል። እነሱን ምን ልላቸው ነው? እንጀራቸው ነው። እዘላለሁ፣ እዞራለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ፣ በመጨረሻ ግንቡን ትቼ አስፋልት ላይ እወጣለሁ።

አስፋልቱ ላይ ደግሞ የጫት መኪና አለ። በእኛ መስመር የተጓዘ ያውቀዋል። ጫት ቶሎ ገበያ ካልደረሰ ይጠወልጋል፤ ሲጠወልግ ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ ሹፌሩ ፍሬን የሚባል ነገር ከነመኖሩም ረስቶታል። ለባቡር እንኳ የሚቆም አይመስለኝም። እኔ ቦይ ውስጥ ገብቼ አሳልፈዋለሁ። ሩጫዬ ቦይ ውስጥ ያልቃል።

"ታዲያ ውስጥ ውስጡን ሩጪ" አለችኝ ጓደኛዬ። ጀጎል ውስጥ! መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍበት ቦታ አለ። አንዷማ ከጥበቷ የተነሳ የተጣሉ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ ስለማይችሉ "የእርቅ መንገድ" ተብላለች። ታሪኩ ደስ ይላል። እንጨት የተጫነች አህያ ፊት ለፊት ስትመጣብሽ ግን እርቅ የለም። ወደ ኋላ ነው የምትሮጪው።

እሺ፣ ደክሞኝ፣ አቧራና ላብ ተለውሼ ቤት ገባሁ። ቧንቧ ከፈትኩ። ሹሹሹ... አየር።

ይሄ ውሃ የሚሉት ነገር እኮ ከሐይቅ ጋር ይያያዛል። ሐረር ለረጅም ጊዜ የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ወደ ድሬዳዋ ስትወጡ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ሐይቁን ከተማ ጠጣው፣ የጫትና የአትክልት ማሳ በፓምፕ ሳበው፣ ከጋራው የታጠበ ደለል ሞላው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ሜዳ ሆነ፣ ከብት ጋጠበት። ለከተማዋም ከድሬዳዋ በኩል፣ ከሩቅ፣ በቧንቧ ሽቅብ የሚገፋ ውሃ መጣላት። ሽቅብ የሚገፋ ውሃ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራቱን እንተወው፣ እሱ ራሱን የቻለ ብሶት ነው፣ ዛሬ አንገባበትም። በአጭሩ ፊቴን የምታጠበው በጀሪካን ነው።

ደስ የሚለው፣ ባለፉት ዓመታት ሐረማያ ሐይቅ ውሃው ተመልሷል። ስሰማ እንዴት እንደተደሰትኩ! ጫማዬን ይዤ ሄድኩ። ውሃው አለ፣ ወፎቹ አሉ፣ ጋራው ውሃው ላይ ቁጭ ብሏል። መንገድ ግን የለም። ማሳው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ገብቷል። ሐይቅ ዞርኩ ማለት የጫት ማሳ ውስጥ የፓምፕ ቱቦ ለቱቦ መዝለል ሆነ። አንዱ ገበሬ ከሩቅ በኦሮምኛ ጮኸብኝ፤ ጫቱን እንዳትረግጪ ነው ነገሩ። ልክ ነው። በሰው ማሳ ውስጥ ቱታ ለብሼ የምዘል እኔ ነኝ። የእሱን አላውቅም፣ የእኔ ጥያቄ ግን በውሃውና በማሳው መሀል አንድ የእግር መንገድ እንዴት ጠፋ ነው። ሐይቁ አንዴ የሞተው በዚሁ ዓይነት መጠጋት አይደል እንዴ?

"ሐይቅ ከፈለግሽ ቢሾፍቱ አለልሽ" ይሉኛል። ወይ ቢሾፍቱ! ሐይቅ የተረፋት ከተማ። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ራሱ ቢሾፍቱ ሐይቅ። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ አብዛኞቹ ክብ ናቸው። ክብ! ተፈጥሮ ራሷ መም አስምራ ሰጥታናለች። ለስብሰባ ሄጄ በጠዋቱ ወጣሁ። በስተግራ አጥር። በስተቀኝ አጥር። ሐይቁ ከአጥሩ ወዲያ ነው፣ ይሸተኛል እንጂ አይታየኝም። አንድ ክፍት የብረት በር አግኝቼ ልገባ ስል ዘበኛው ብድግ አለ።

"የኔ እህት፣ ወዴት ነው?"

"ሩጫ ነው፣ በሐይቁ ዳር ላልፍ ነው።"

"ማለፊያ የለውም። እንግዳ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው መግቢያ ትከፍያለሽ።"

ለመሮጥ ልክፈል? ከከፈልኩስ በኋላ? የእሱ ግቢ ሲያልቅ የጎረቤቱ አጥር ይጀምራል፣ እዚያም ሌላ ዘበኛ፣ ሌላ መግቢያ። አንድ ሐይቅ ልዞር ደሞዜ አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ዘበኛውን አልወቅሰውም፤ እሱ የታዘዘውን ነው። ግን ሕዝብ የተባለው ማን ይሆን ብዬ አስባለሁ። ኢሬቻ ሲሆን ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ሆራ አርሰዲ ሲወርድ ሳይ ደስ የሚለኝ ለዚህም ጭምር ነው።

ሐዋሳ ላይ ብዙ አልጮኽም። የተሻለች እሷ ናት። ፍቅር ሐይቅ በሚሉት የሐይቁ ዳር ጠዋት ጠዋት ወጣቱ ይሮጣል፣ ሽማግሌው ወክ ያደርጋል፣ ማንም ማንንም "ማን አባረረህ" አይልም። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ጥላ ነው። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ካባ እንደለበሱ ዳኞች ቆመው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ በመሀላቸው ሰንጥቀሽ ስታልፊ እንኳ አይነቃነቁም። እውነት እላችኋለሁ፣ ልቤ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ግን ያው ነገር። አጥር፣ ግቢ፣ "በዚህ አይታለፍም"። ሐይቁ ትልቅ ነው፣ ሙሉውን ልዙር አላልኩም። በከተማው በኩል ያለውን ዳር ብቻ ሳይቆረጥ ልሂድበት ነው ያልኩት። እሱም ሄዶ መመለስ ሆነ።

አሁን "ጂም ግቢ" የሚለኝ አይጠፋም። ገብቼ አይቻለሁ። ትሬድሚል ላይ ሆኜ ግድግዳ ሳይ፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቀጥ ሲል አፍንጫዬ ሊሰበር ነበር። "ስታዲየም ሂጂ" የሚለኝም አለ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ንገሩኝና እሄዳለሁ።

የኮሪደር ልማቱ ብዙ ከተማ ላይ የእግረኛ መንገድ እያሰፋ ነው፤ እኛም ጋ ደርሷል፣ አምሮበታል፣ ያየሁትን አልክድም። ግን እባካችሁ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሞተር አታቁሙ። ደግሞ ሰፍቶ ሰፍቶ በሩጫ የሚሞላ ዙር ላይ ይገናኝ፣ መሀል ላይ አይቁረጠኝ። በሐይቁና በሪዞርቱ አጥር መሀል ሁለት ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ ቢተው ማን ይጎዳል? እንግዳው ቁርሱን እየበላ እኔ ባልፍ እንቁላሉ ይበርድበታል?

እስቲ ከመካከላችሁ ሙሉ ዙር የሚያስሮጥ ሐይቅ የሚያውቅ ካለ እዚህ ሥር ይጻፍልኝ። ሻላም ይሁን ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ። መሀል ላይ "መግቢያ" የሚል ዘበኛ ካለበት ግን አትጻፉልኝ አቦ። ባጃጅ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁኝ።