ይበጥሱትና እንደገና ይጀምሩት

አሁን ከመሥሪያ ቤት ቤቴ መግባቴ ነው። እጄ ገና አልሞቀም፣ ደሜ ግን ፈልቷል።

ያው ታውቁታላችሁ፣ «ሲስተም የለም»። ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የወረፋ ቁጥር 61ን ይዤ ተቀምጫለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ትልና ወደ ስልኳ ትመለሳለች። የስልኳ ሲስተም ግን አለ! ብርዱስ? 2,800 ሜትር ላይ የተቀመጠ ከተማ ለባለጉዳይ አያዝንም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ቲክቶኩን ያለ ኢርፎን ለቆታል። አንድ ዘፈን፣ አሥር ሴኮንድ፣ ሌላ ዘፈን። ጭንቅላቴ ወፍጮ ቤት ሆነ።

እኔም እንዝርቴን አወጣሁ። ምን ላድርግ? እናቴ መንዝ ገበያ ስትወርድ እየሄደች የምትፈትል ሴት ናት። ከእሷ ፈትል ስንት ባና፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተሠርቷል። ጭኔ ላይ አሽቼ ስለቀው ይሾራል፣ ጠጉሩ ከጣቴ እየሳሳ ይወርዳል፣ የበጉ ቅባት እጄ ላይ ይቀራል። ብስጭቴም አብሮ ይወርዳል። ጥበቃው መጥቶ «እዚህ የእጅ ሥራ አይፈቀድም» አለኝ። ቲክቶኩ ይፈቀዳል! ዝም አልኩት።

ከዚያ አንዷ ቆንጂዬ ስልኳን ደግና መጣች።

«እማማ፣ ቪዲዮ ላንሳዎት?»

እማማ! 43 ዓመቴ ነው እኮ። እሺ አልኳት፣ ይሉኝታ ይገድለኛል።

«ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉ። ነጠላውን አናትዎ ላይ ያድርጉት። ሲስቁ አይሆንም፣ ትንሽ ይዘኑ።»

አዘንኩ! ለምን እንደማዝን ሳላውቅ አዘንኩ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«መጀመሪያው አልመጣልኝም። ይበጥሱትና እንደገና ይጀምሩት።»

እኔ ጅሏ በጠስኩት። ያን የመሰለ ቀጭን ፈትል በእጄ ቋ! «ልሞክረው» እንኳ አላለችም። እንዝርቱን ሳቀብላት «አይ፣ ጥፍሬ» አለችኝ።

ሁሉም እንዲሁ ነው። የእህቴ ልጅ ገበጣ ስልኩ ላይ ጭኗል፣ ብቻውን ይጫወታል። ብቻህን ገበጣ? ከማን ጋር ልትጣላ? እኛ መሬት ቆፍረን በአንዲት ጠጠር ሳምንት እንኮራረፍ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ባለፈው ገና ግን ጌታውም ሎሌውም ሶፋ ላይ አቀርቅሮ ነው የዋለው። የተቆጡት ኔትወርክ ሲሄድ ብቻ ነው። እኔም ብሆን ይኸው ስልክ ላይ እየጮህኩ ነው፣ አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ።

ለካ እኔ ስተውን ሲስተሙ መጥቷል። 61 ተጠርቶ አልፏል። «እማማ፣ ነገ ይምጡ።» መስኮቷም እማማ!

ቤት ስገባ ልጄ ስልኳን ይዛ እየዘለለች ጠበቀችኝ። «ማሚ፣ ወጥተሻል!» አየሁት። በሐዘን ዋሽንት ታጅቤያለሁ፣ ከሥሬ «እየጠፋ ያለው የእናቶቻችን ጥበብ» ከሚያለቅስ ፊት ጋር ተጽፏል። እየጠፋ? የበጠስሽው አንቺ! እኔ ቁጭ ብዬ እየፈተልኩ ነበር!

አንድ ቀን እንዝርት ነክታ የማታውቀው ልጄ ደግሞ «ማሚ፣ ልጅቷን ፎሎው ላድርጋት?» አትለኝም?

ሂጂ ቡናውን አፍዪ አልኳት።