የድሬ ሸረሪቶች ስም ይውጣላቸው

አክስቴ ለበዓል ጽዳት ረጅም እንጨት ላይ መጥረጊያ አስራ የጣሪያውን ጥግ የሸረሪት ድር ልትጠርግ ተነሳች። «ተዪው፣ አክስቴ» አልኳት።

«ሸንታብህ ፊትህ ሲቆስል ታያታለህ!» አለችኝ።

ይሄን እየሰማን ነው ያደግነው። ግን ቆዳን እንዲያ የምታቃጥለው ብዙ ጊዜ ቀይና ጥቁር የሆነች ትንሽዬ ጥንዚዛ ናት። አንገታችን ላይ ስንጨፈልቃት ፈሳሿ ያቆስላል። በሷ ጥፋት ስሟ የሚጠፋው ግን ሸረሪቷ ናት።

ጥጉን ቀርቤ አየሁት። ድሩ ላይ የሦስት ትንኞች ክንፍ ተንጠልጥሏል። ከስሩ የውሃ በርሜላችን አለ።

በ2014 ዓ.ም. በጋ ወባ ድሬን ያመሳት ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ነበረች። ኩሬ አትፈልግም፤ በርሜልና ታንከር ይበቃታል። ብዙው የሚረጭ መድኃኒትም አይበግራትም።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ፣ ደም የጠገበች ትንኝ መርጣ የምታድን ዘላይ ሸረሪት አለች። የሰው እግር ሽታ ያለበት ካልሲ ሳይቀር ይስባታል። ሸረሪት አጎበርን ትተካለች አላልኩም። ግን እኛ ቤት ጣሪያ ላይ ያለችው ምን እንደምትበላ ማን ጠይቆ ያውቃል?

የውጭ ሰዎች ጠይቀዋል። ጣሊያናዊው ፓቬዚ ስለ ሸዋ ሸረሪቶች የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ፖላንዳዊቷ ቬሶሎቭስካም እ.ኤ.አ. በ2008 ከባልደረባዋ ጋር አዳዲስ የኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶችን ለዓለም አስተዋውቃለች። ያቺን ትንኝ አዳኝ ሸረሪትም በሳይንስ ስም ካወጡላት አንዷ እሷ ናት።

እኛ ጫቱን እንኳ አወዳይ፣ ገለምሶ እያልን እንለያለን። ዓለም ላይ ከ50,000 በላይ ዝርያ ላላት ፍጥረት ግን ያለን አንድ ቃል ነው፤ ሸረሪት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን እንተርታለን፣ ድሩን ያደራችውን ግን ማንነቷን አናውቅም።

የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲቸግራቸው ይሄን ቢይዙትስ? ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። የጀጎል ግንብ ስንጥቆች አሉ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አለ። ማታ የእጅ ባትሪ ግንባር ላይ አስሮ የወረደ ሰው ምድር ለምድር የሚያድኑት ሸረሪቶች ዓይን እንደ ጤዛ ሲያብረቀርቅ ያያል። ትንሽ ጠርሙስ፣ አልኮል፣ ቀንና ቦታ የተጻፈባት ወረቀት፤ ለመነሻ ይበቃል።

አክስቴ ተከራክራኝ ተከራክራኝ ከበርሜሉ በላይ ያለውን ጥግ ትታልኛለች። ያቺ ሸረሪት ማን እንደምትባል የሚነግረን ተማሪ ከመጣ ቡናውን እሷው ታፈላለታለች።