አልተነካም!

መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ከሚናገራቸው ቃላት ሁሉ አንጀቴን ቅቤ የሚያጠጣው «አልተነካም» የሚለው ነው። ሞተሩ አልተነካም፣ ካምቢዮው አልተነካም፣ ዲፍረንሻሉ አልተነካም። ደላላው ይህን ሲል መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ገዢውም ለልጁ ሚስት ሊያጭ እንደመጣ ሽማግሌ ጭንቅላቱን በእርካታ ይነቀንቃል። በዚህ መሀል «ካልተነካ ዘይቱ መቼ ተቀየረ?» ብሎ ወግ የሚያበላሽ ሰው ይነሳል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ አይዟችሁ፤ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት እነዚህን ጨዋ የባለ አራት ጎማ መኪና፣ ማለትም የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ የሚደርስላት መኪና ባለቤቶች ላመሰግን ነው። ማንም ሰነፍ ሊላቸው አይችልም። የሞተር ዘይት ጊዜውን ጠብቀው ያስቀይራሉ። እሁድ እሁድ እጥበት አለ። ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ጎማው ጥቁር ቅባት ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ጫማ ያበራል። ውስጡን ለቄስ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ያሉት አራት ማድጋዎች ግን፣ ማለትም ማርሽ የሚቀያይረው ካምቢዮ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር፣ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍሉት የፊቱና የኋላው ዲፍረንሻል፣ ስትገዛ የነበራቸውን ዘይት እንደ አባት ኑዛዜ ታቅፈው ይኖራሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አበው ዲፍረንሻል አላዩም እንጂ ሦስተኛ አድርገው ይጨምሩት ነበር።

ከመኪናዋ ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ይላል። እዚህ አገር ገጠሩን ሁሉ ያዳረሰችውን ባለ 70ዋን ላንድ ክሩዘር ብንወስድ፣ የእነዚህን ማድጋዎች ዘይት በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ ጭነት፣ አቧራና ጭቃ ከበዛ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ መቀየር ይመከራል። ጭነት፣ አቧራና ጭቃ! ለየት ላለ አጋጣሚ የተጻፈ ይመስል። ደግነቱ መጽሐፉ ከነፌስታሉ ኪሱ ውስጥ ተኝቷል፤ እሱም አልተነካም።

ሞተር ቅምጥል ነው፤ የዘይት ማጣሪያ አለው። የኋላ ዲፍረንሻል ማጣሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። ጥርሶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ያደቀቁትን የብረት ብናኝ ያው ዘይት ተሸክሞ መልሶ ያጠጣቸዋል። በብዙዎቹ ላይ ማፍሰሻው ቡሎን ጫፉ ማግኔት ነው፤ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ይለቅማል። የቀረው እየዞረ ኩሽኔቱን ይፈጫል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። የኛ ሰው ግን ያስተዋለው ሌላ ነው፤ ዘይቱ በየዓመቱ ብረት እየጨመረ ነው፤ እንግዲህ ብረት የጠገበ ዘይት ደፍቶ ባዶ ዘይት መግዛት ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ክረምት ሲገባ ደግሞ በረከቱ ይበዛል። መንገዱን ጎርፍ ሲሞላው ትንንሾቹ መኪኖች ዳር ይይዛሉ፣ ባለ ላንድ ክሩዘሩ መስኮቱን ዘግቶ ጥሶ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ሲጋል የዋለው ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም የዘይት መከላከያው ጎማ ካረጀ ጎርፉን እንደ ጠጅ በብርሌ ይምገዋል። ውኃና ዘይት አይዋደድም የምትሉ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቡሎኑን ፍቱና እዩት። ማኪያቶ ነው። አረፋው ሳይቀር። ዝገቱ ስኳሩ ነው።

ዲፍረንሻሉ ማፏጨት ሲጀምርም መፍትሔ አልጠፋም፤ ሬዲዮ ከፍ ይደረጋል። አንድ ወዳጄ በ60 ላይ ዜና ያዳምጥ ነበር፣ በ80 ላይ ሙዚቃ፤ አሁን 100 ሲደርስ ስብከትም አይበቃውም። ፉጨቱ ወደ ጉርምርምታ ከተለወጠ ደግሞ «ጨመር» ይደረጋል። ምን ይጨመር? የተገኘው! ከሞተር ዘይት የተረፈችው አንድ ሊትር፣ ወይም ባለሱቁ «ይሄም ያው ነው» ያለው። ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስማሙት የካምቢዮ ቀለበቶች ብዙ ጊዜ ከናስ ይሠራሉ፤ ለዲፍረንሻል የተሠራው ጂኤል 5 ዘይት ደግሞ ጥርስ እንዳይፋቅ የተጨመረበት ድኝ ያዘለ ቅመም ናሱን ሊበላው ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ካምቢዮ ጂኤል 4 ይሰጠው ይባላል። እንግዲህ አምስት ከአራት እንደሚበልጥ ለማያውቅ ሰው ምን ይደረጋል? ባለሱቁ በደንብ ያውቃል።

የአራት ጎማውን ማርሽ ነገርም ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይላቸዋል። ከፊሉ ከገዛ ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። በየወሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ መጽሐፉ እንደሚለው 16 ያህል፣ በአራት ጎማ ካልተነዳች የፊቱ ዕቃ ዘይት ሳይዳረሰው ይደርቃል ብትሉት «ለጭቃ ነው የማስቀምጠው» ይላል፣ እንደ ዓመት በዓል ቀሚስ። ሌላው ከአዲስ አዳማ በደረቁ አስፋልት በአራት ጎማ እንደታሰረች ይነዳታል። ሁለቱም አይነኩም፤ አንዱ ማስገባቱን፣ ሌላው ማውጣቱን።

በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህማ አሮጌ የናፍጣ መኪና ቅርስ ሆኗል። ቅርስ ደግሞ አይነካካም። ላሊበላን ማን ዘይት ይቀይራል?

በዚህ ሁሉ ጨዋ መሀል አንድ አስቸጋሪ ሰው አሉ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ፤ ሀርድቶፕ ላንድ ክሩዘር አለቻቸው። መጽሐፉን ከፌስታሉ አውጥተው አንብበዋል። ባለፈው ዓመት ጋራዥ ሲሄዱ ለወሬ ተከትያቸው ሄድኩ።

«ካምቢዮውንም፣ ትራንስፈሩንም፣ ሁለቱንም ዲፍረንሻል ቀይርልኝ» አሉት መካኒኩን።

«ምን ሆነ ጋሼ? ይጮሃል?»

«አይጮህም።»

«ታዲያ ዝም ያለን ነገር ለምን ይነካኩታል?»

ክርክሩን በዕድሜ አሸነፉ። መካኒኩ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ ሳፋውን ደቀነ፣ 24 ቁልፉን አንሥቶ የታችኛውን ቡሎን ያዘ። ጋሼ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ መጀመሪያ የላይኛውን፣ መሙያውን ፍታ፤ እሱ እምቢ ካለ መመለሻ የለህም» አሉት። «ጋሼ፣ ይሄን ሥራ ስንት ዓመት የሠራሁ ነኝ» አለና ታችኛውን ፈታ። የጠላ አተላ የመሰለ ነገር እየተለጠጠ ወረደ፤ ሽታው የገማ እንቁላል ነው። የቡሎኑ ጫፍ ላይ ግራጫ የብረት ጢም በቅሏል። ረዳቱ ልጅ በጣቱ ጠርጎ ሱሪው ላይ አበሰው።

ከዚያ ወደ ላይኛው። አይነቃነቅም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ተሰካ፣ ቧንቧው ላይ ረዳቱ እንደ ዥዋዥዌ ተንጠለጠለ። ቋ አለ። ሁላችንም ደስ አለን። የተፈታ መስሎን ነው፤ ለካ የቡሎኑ ጠርዝ ተላጦ ክብ ሆኗል። አሁን መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ናት፣ የኋላ ዲፍረንሻሏ ባዶ ነው፣ መሙያው አይከፈትም። ከየመኪናው ሥር መካኒኮች እየወጡ ተሰበሰቡ። አንዱ «በታችኛው ቀዳዳ እንሙላው» አለ። ሌላው ጥቂት አሰበና «ገልብጠናት?» ብሎ ጠየቀው። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም። በመጨረሻ በያጅ ተጠርቶ በተላጠው ራስ ላይ ሌላ ዳዶ በየደበት፤ በግለቱ ላላና ወጣ። አዲስ ቡሎን ተገዛ። ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ ተርፎ እስኪፈስ ተሞላ። ስንወጣ 11 ሰዓት ሆኗል፣ ረዳቱ ቧንቧውን እንደያዘ ነው።

ዘንድሮ ጋሼ ዓይናቸው ደከመና መኪናዋን ለመሸጥ ወሰኑ። ደላላው ገዢ ይዞ መጣ። መኪናዋ ድምፅ የላትም፣ ዘይት አታንጠባጥብም። ጋሼ በኩራት ደረሰኞቹን አወጡ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የገባው ሊትር ሳይቀር በእጅ ጽሑፋቸው ተጽፏል። ገዢው እንደ ሆስፒታል ካርድ እያገላበጠ ፊቱ ጠቆረ።

«ዲፍረንሻሉ ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም ሳይሆን ነው የቀየሩት?»

«አዎ፣ ምንም ሳይሆን።»

ተንበርክኮ በስልኩ መብራት ወደ ኋላ አክስሉ አየ። አዲሱ ቡሎን ያብለጨልጫል። ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ደላላውን ወደ ጎን ወስዶ ሁላችንም በሚሰማን ሹክሹክታ «ተነክታለች እኮ» አለው። ከዚያም ደህና ዋሉ ብሎ ሄደ።

ደላላው ደረሰኞቹን ሰብስቦ ለጋሼ መለሰላቸው። አዝኖላቸዋል፤ ከልቡ ነው። «ጋሼ፣ እነዚህን ወረቀቶች ለማንም እንዳያሳዩ» አለ። «ያቺን ቡሎን ደግሞ ትንሽ ጭቃ ይቀቧት። ነገ ሌላ ሰው አመጣለሁ፣ እኔ አወራዋለሁ፤ እርስዎ ዝም ይበሉ።»