ኢያን ራይት በ21 ዓመቱ አላለፈበትም ነበር

ቅዳሜ ማታ ነው። ደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ብሮክሌይ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። የሳምንቱ የእግር ኳስ ፕሮግራም ሊጀምር ነው። ሁለት ወንድማማቾች ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቁት የከረሙት ይህን ሰዓት ነው። የእንጀራ አባታቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዲያዞሩ ያዛቸዋል። ቴሌቪዥኑን አይዘጋውም። ድምፁ ይሰማል፣ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል፣ ጎል ሲገባም ይታወቃል። ልጆቹ የሚያዩት ግን ግድግዳ ነው።

ከሁለቱ ታናሹ፣ በኋላ የአርሰናልና የእንግሊዝ አጥቂ የሆነው ኢያን ራይት ነው። ይህን የተናገረው ራሱ ነው፤ ስሙ ከገነነ፣ የልጆች አባት ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ። የእንጀራ አባቱ እናቱን ሲያሠቃይ፣ እንዳይሰማ ታላቅ ወንድሙ በሁለት እጁ ጆሮውን ይሸፍንለት እንደነበርም ተናግሯል። እነዚያ ሁለት እጆች ከአእምሮዬ አይጠፉም። ሕፃን ልጅ ሌላውን ሕፃን ሊያድን የቻለው በዚያች ብቻ ነበር።

የራይትን ነገር ዛሬ ያስነሳኝ ሰፈራችን ካለው ኳስ ማሳያ ቤት የሰማሁት ወሬ ነው። በክረምት ውድድር ሁሉም የሚያውቀው አንድ አጥቂ አለን። ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል፣ ተከላካዩ ገና ሳያስብ እሱ ዞሮ ይጨርሳል። በቀደም አርሰናልን እያየን አንዱ ስለ ልጁ ሲጠየቅ፣ «እሱማ አለፈበት፤ ሃያ ዓመት ሞልቶታል» አለ። ማንም አልተከራከረም። ልጁ እዚያው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

እኔ ግን እከራከራለሁ። ያን ቤት የሞላው ሰው ሁሉ ስሙን እየጠራ የሚምልበት ኢያን ራይት፣ በፕሮፌሽናል ተጫዋችነት መጀመሪያ የፈረመው 22 ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ይህን የሚያውቁትም ቢሆኑ እንደ ተአምር ነው የሚያወሩት። ተአምር አይደለም። በየተራ እየመጡ «ገና ነህ» ያሉት ሰዎች ሥራ ነው፤ ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊደግመው ይችላል።

የመጀመሪያው ሰው አስተማሪ ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ራይት እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1963 ዉልዊች ውስጥ ከጃማይካውያን ወላጆች ተወለደ። እሱ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ከቤት ወጡ። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቁጡ ልጅ ሆኖ ነበር። ማንበብና መጻፍ ያቅተዋል፤ ሲያቅተው ይናደዳል፤ ሲናደድ ከክፍል ይባረርና ውጭ ይቆማል። በተርንሃም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከክፍል ውጭ ቆሞ ያገኙት ሲድኒ ፒግደን ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶት ያልፍ ነበር። ሚስተር ፒግደን ግን ይዘውት ሄዱ። ለብቻው አስቀምጠው ፊደል አስጠኑት። የስም መጥሪያ መዝገቦችን ከየክፍሉ እየዞረ እንዲሰበስብ ላኩት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት ወተት ያድሉ ነበርና ወተት የማደሉንም ኃላፊነት ሰጡት። ቤቱ ውስጥ ማንም እንደ ሰው ያልቆጠረው ልጅ፣ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር መዝገብ ታቅፎ የሚሄድ ኃላፊ ሆነ።

ኳሱንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ጂሚ ግሪቭስ ይነግሩት ነበር፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ካፈራቸው ታላላቅ አግቢዎች አንዱ ስለሆነው ሰው። ጎል ፊት ስትደርስ ኳሷን አትደብድባት፣ ግሪቭስ እንደሚያደርገው ወደ መረቡ አቀብላት ይሉታል። ራይት በኋላ በሃይበሪ፣ በአርሰናል የድሮ ስታዲየም፣ ያገባቸውን ጎሎች ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ በረኛው ሲወጣበት በላዩ ቀስ አድርጎ የሚያሳልፋቸውን፣ የሚስተር ፒግደንን ድምፅ ይሰማባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን መንገድ የሌለበት ዘመን ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜው ሳውዝኤንድም ብራይተንም ሞክረውታል፤ ሁለቱም አላስፈረሙትም። ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ሠራ፣ ግድግዳ ለሰነ። እሑድ እሑድ ቴን ኤም ቢ ለሚባል የሰፈር ቡድን ይጫወታል። ልጆች መጡ፤ ዛሬ ስማቸውን የምናውቃቸው ኳስ ተጫዋቾቹ ሾን ራይት ፊሊፕስና ብራድሌይ ራይት ፊሊፕስ፣ አንዱን እንደ ልጁ የተቀበለው፣ ሌላውን የወለደው። ያለ መድንና ያለ መንገድ ግብር መኪና እየነዳ የተቀጣውን ገንዘብ ባለመክፈሉ ቼምስፎርድ እስር ቤት ገባ። የሁለት ሳምንት እስር ነው። በሩ ሲዘጋበት ክፍሉ ውስጥ ሆኖ አለቀሰ፤ ከወጣ እግር ኳስ ተጫዋች ለመሆን የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግም ለፈጣሪው ተሳለ።

ሰፈር ያለው ልጅ ሻዩን ሲያማስል ያሰብኩት ስለዚያ የእስር ክፍል ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ራይትን አይቶ «አለፈበት» ቢል ማን ይከራከረው ነበር? ሁለት ክለቦች አልፈለጉትም። ሥራው የጉልበት ነው፣ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት፣ አሁን ደግሞ ታስሯል። ማስረጃው ሁሉ በእሱ ላይ ነበር፤ ችሎታው ግን እዚያው ነበረ፤ የትም አልሄደም።

በ1985 ግሪኒች ቦሮ ለሚባል ከፊል ፕሮፌሽናል ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ መጫወት ጀመረ። ሁለተኛው ሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፒተር ፕሬንቲስ የክሪስታል ፓላስ መልማይ ነበሩ። ትልልቅ ስታዲየም ሳይሆን አማተሮቹ የሚጫወቱበት ሜዳ ጠርዝ ላይ የሚቆሙ ሰው። ራይትን አዩት፣ ለሙከራ ጠሩት። አሰልጣኙ ስቲቭ ኮፔል ብዙ ቀን አላስፈለጋቸውም፤ በነሐሴ 1985 አስፈረሙት። ኮፔል ዕድሜውን ይዘው ቢሟገቱ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም።

በስድስት ዓመት ለፓላስ 117 ጎል አገባ። ከማርክ ብራይት ጋር ተጣምሮ ክለቡን በ1989 በወቅቱ ከፍተኛው ሊግ ወደነበረው አንደኛው ዲቪዚዮን አወጣው። የ1990ው የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ግን ለብቻው የሚነገር ነው። በዚያ የውድድር ዘመን እግሩ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ዌምብሌይ ላይ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፓላስ በማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 1 እየተመራ ሳለ ገባ፤ ከገባ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት እንደገና አገባና ፓላስ 3 ለ 2 መራ። ማርክ ሂዩዝ በመጨረሻ አቻ ባያደርግ ዋንጫው የፓላስ ነበር። በድጋሚው ጨዋታ ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ አሌክስ ፈርጉሰንም ከዩናይትድ ጋር የመጀመሪያቸውን ዋንጫ ያገኙት በዚያ ምሽት ነው።

በመስከረም 1991 አርሰናል 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው፤ ለክለቡ በወቅቱ ከፍተኛው የዝውውር ዋጋ ነበር። 28 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያለን አጥቂ ብዙ ክለብ ሁለቴ ሳያስብ አይገዛም። እሱ በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ሳውዝሃምፕተን ላይ ሀትሪክ ሠራ፤ ዓመቱንም በ29 የሊግ ጎል የአገሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ያለውን አርሰናልን የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። በ1993 ሁለቱን የአገር ውስጥ ዋንጫዎች፣ ኤፍኤ ካፕንና ሊግ ካፕን፣ በ1998 ደግሞ ሊጉንና ኤፍኤ ካፕን ከአርሰን ቬንገር ጋር አነሳ። መስከረም 13 ቀን 1997 ቦልተን ላይ የክሊፍ ባስቲንን የ178 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ባስቲንን ያስተካከለበትን ጎል ሲያገባ በደስታ ማሊያውን ገልጦ «179» የሚለውን አሳየ፤ አንድ ጎል ይቀረው ነበር። ቀጥሎ ያገባት ከመስመሩ አጠገብ የተገፋች ኳስ ናት። ቲየሪ ኦንሪ በ2005 እስኪያልፈው ድረስ በ185 ጎል የክለቡ ታሪክ ቁንጮ ሆኖ ቆየ።

የዘገየበት ጉዳት እንዳለውም መደበቅ አልፈልግም። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው በ27 ዓመቱ ነው። 33 ጨዋታ አድርጎ 9 ጎል አገባ፤ በአንድም የዓለም ዋንጫ ወይም የአውሮፓ ዋንጫ አልተጫወተም። በ1992 አልተመረጠም፤ ለ1994 እንግሊዝ አላለፈችም፤ በ1998 ተጎዳ። በ17 ዓመቱ አንድ ክለብ እጁን ይዞት ቢሆን ኖሮ ስንት ጎል እናይ ነበር የሚለው ይቆጨኛል። ይህን ያስቀረው እሱ ሳይሆን ያላዩት ሰዎች ናቸው።

አካዳሚ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቡካዮ ሳካን ያሳደገው የአርሰናል አካዳሚ ነው። የእንግሊዝ ክለቦች ልጆችን ከዘጠኝ ዓመት በታች ጀምረው ያስፈርማሉ፤ ጥሩ ሜዳ፣ ጥሩ አሰልጣኝ፣ ሐኪም ያገኛሉ። የእኔ ጠብ ከማሰናበቱ በኋላ ካለው ዝምታ ጋር ነው። ልጁ «አትበቃም» ሲባል በሩ ተመልሶ እንዳይከፈት ሆኖ ይዘጋል፤ ልጁም ይህን ቃል እንደ ፍርድ ይዞት ያድጋል። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አሰናብቶት ነበር። እሱም እንደ ራይት በሳምንት 30 ፓውንድ በአማተር ሜዳ ተንከራቶ፣ ሌስተር የገባው በ25 ዓመቱ ነው፤ በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ።

ኤቤሬቺ ኤዜን ደግሞ ተመልከቱት። የግሪኒች ልጅ ነው፤ ራይት ከተወለደበት ብዙ አይርቅም። አርሰናል በ13 ዓመቱ አሰናበተው። ቀጥሎ ሚልዎልም አላስፈለገንም አለው። በክሪስታል ፓላስ ማሊያ ግን በግንቦት 2025 ዌምብሌይ ላይ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 የረታችውን ጎል አገባ። ራይት በ1990 ደርሶባት ያመለጠችው ዋንጫ በ35 ዓመቷ ፓላስ ቤት ገባች። በዚያው ክረምት አርሰናል ያሰናበተውን ልጅ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ መልሶ ወሰደው። እኛ ሻይ ቤት ውስጥ «አለፈበት» ስንባባል ስክሪኑ ላይ ሲሮጥ የነበረው እሱ ነው።

ስለዚህ ክለቦቻችንን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ክፍት የሙከራ ቀን ይኑር። በክረምት ውድድር ጊዜ በየሰፈሩ ሜዳ የሚቆም፣ ዓይኑ የሚታመን አንድ መልማይ ይመደብ። ይህ ሲሆን ልጆቻችን ዕድሜያቸውን እየቀነሱ ከመዋሸትም ይገላገላሉ፤ የሚዋሹት እኮ እውነተኛው ዕድሜያቸው በር ስለሚያዘጋባቸው ነው።

ራይት በ2000 ጫማውን ሰቀለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ ያደመጠው ያ የቅዳሜ ማታ ፕሮግራም ላይ ተንታኝ ሆኖ ተቀመጠ፤ በ2024 እስኪሰናበት ድረስ። በ2021 ቢቢሲ ባሳየው ዘጋቢ ፊልም፣ ቤት ውስጥ ዱላ እያዩ ስለሚያድጉ ልጆች ለመናገር ወደዚያው ቤት ተመልሶ ገባ። ሴት ልጆች በትምህርት ቤት ከወንዶቹ እኩል ኳስ እንዲጫወቱ በ2022 አጥብቆ ሲናገርም ሰምተነዋል። በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ2005፣ ሃይበሪ ውስጥ ለቴሌቪዥን ሲቀረጽ ከኋላው አንድ ሽማግሌ ስሙን ጠሩት። ዞር ሲል ሚስተር ፒግደን ናቸው። ሞተዋል ብሎ ያምን ነበር። የ41 ዓመቱ ሰውዬ ከድንጋጤው ጋር ኮፍያውን ከራሱ ላይ አወለቀ፣ አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ፤ ከዚያም አቅፏቸው አለቀሰ። ሚስተር ፒግደን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ከበረራቸው ሁሉ ይልቅ የኮሩት እሱ ለእንግሊዝ በመጫወቱ እንደሆነ ነግረውታል።