ሪፈር ተብሏል

ሰሞኑን ስለ ገጠር ተማሪዎች የጤና ምርመራ የቀረበ አንድ ሪፖርት «ችግር የተገኘባቸው ልጆች በሙሉ ሪፈር ተብለዋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ሲደመደም፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የት እንደደረሱ የጠየቀ አልነበረም፤ ደግም አደረጉ፣ እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ደስታ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እኔም መርምሮ፣ መዝግቦና ወረቀት ሰጥቶ የመሰናበትን ልማድ እንደሚገባው ሳላወድስ መቆየቴ ቆጨኝ።

የዓይን ምርመራውን እንመልከት። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ኸርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው ዓይነት የፊደል ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጁ ስድስት ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስም ይጠፋበታል። ተገኘ! ስሙ ይመዘገባል፣ የሪፈር ወረቀት ይጻፍለታል፣ ወረቀቱን ይዞም ጥቁር ሰሌዳው ወደማይታየው የኋላ ወንበሩ ይመለሳል። የዓይን ሕክምናው ያለው ከተማ ነው፤ ከተማ የሚወስደው አባቱ ደግሞ አዝመራ ላይ ነው። አዝመራው አልቆ ሲሄዱ ካርድ ክፍሉ የወረቀቱ ቀን ማለፉን በትሕትና ይነግራቸዋል፤ አዲስ ወረቀት ለማጻፍ ሲመለሱም ማህተሙ ከዘመቻው ጋር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዷል። ዓመቱ ዞሮ ሠንጠረዡ እንደገና ሲሰቀል ግን ልጁ ብልህ ሆኗል፤ ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ ከፊቱ ያሉት የሚያነቡትን ሰምቶ ረድፎቹን በቃሉ ይዟቸዋል። እስከ ታች ድረስ ያለ ስሕተት ይወርደዋል። በሪፖርቱም «ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ መሻሻል ታይቷል» ተብሎ ይጻፋል። መነጽር ሳይገዛ፣ ሐኪም ሳይደክም፣ በወረቀት ብቻ የዳነ ዓይን! እንዲህ ያለ ፈውስ የትኛው ሆስፒታል አለው?

የትል መድኃኒቱም ቀን የራሱ ድምቀት አለው። ከኪኒኑ ጋር ጠብ የለኝም፤ አንድ ባለ 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል ርካሽና ጠቃሚ ነገር ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕመም ከተጋለጡት ለትምህርት የደረሱ ልጆች ቢያንስ 75 በመቶው እስከ 2010 ድረስ በመደበኛነት መድኃኒቱን እንዲያገኙ ግብ አስቀምጦ ነበር። የእኛ ሰዎች ከዚህ ሁሉ የወደዱት መቶኛውን ነው። የመንጠቆ ትል እጭ ከተበከለ አፈር ተነሥቶ በባዶ እግር ቆዳ በኩል እንደሚገባ፣ ኪኒኑ የዛሬውን ትል ቢገድልም መጸዳጃ ቤት የሌለው ግቢ የነገውን እንደሚያዘጋጅ ማንሳት ግን በዓሉን ማደብዘዝ ነው። ሰንደቁ ተሰቅሏል፣ ፎቶው ተነሥቷል፤ የውኃው ቧንቧም ባይፈስ ቀለም ተቀብቷል።

እዚህ ላይ ግን ምጸቱ አቃተኝ። ትል ደሟን እየመጠጠ ያደከማት ልጅ ሰነፍ ተብላ በክፍል ፊት እንድትቆም ይደረጋል፤ የጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛው ልጅ አንቀላፋህ ተብሎ ይገረፋል። መታመማቸውን የሚናገረው መዝገብ በዚያው ግቢ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ባያውቁ ኖሮ ድንቁርና እንለው ነበር፤ አውቀው፣ ጽፈውና ፈርመው ሲተዉት ጭካኔ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ጤና ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የሚከፈት፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋም የሚዘጋ መሆኑ የሁለቱን ተቋማት ፍቅር ያሳያል፤ በመካከላቸው የሚቸገረው ልጁ ብቻ ነው። ለመታከም ከሄደ ቀሪ ይባላል፣ ቀሪ ከበዛበት ወላጅ አምጣ ይባላል፤ ወላጁም ለሕክምናው ያጣውን ጊዜ ለወቀሳው ያገኛል። ይህን ቅንጅት ያቀናበረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ በአደባባይ ባመሰገንሁት።

ደግሞም ሥራው በየጊዜው ይሻሻላል። በቀጣዩ ዘመቻ ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት ሪፈር ተብሏል ወይ?» የሚል አዲስ ሳጥን እንዲጨመር ሐሳብ ቀርቧል ሲባል ሰምቼ በጣም ተደስቻለሁ። «አዎ» የሚል መልስ ለሰጠ ልጅ ምን እንደሚደረግም ታስቦበታል፤ እንደገና ሪፈር ይባላል።