እባካችሁ፣ አንድ ሥራ ልጨርስ!

አሁንስ በቃኝ! ሰኔ ነው እኮ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ በሰኔ ደረሰኙን ሁሉ ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። በየትኛው ጭንቅላቴ ላመሳክር?

ድምሩን ገና ሳልጨርስ አንዱ በሩን ከፍቶ ይገባል። እሱ ሳይወጣ ስልክ ይጠራል። አለቃዬ "አስቸኳይ ሪፖርት" ይላሉ። ምክትላቸው ሌላ አስቸኳይ ይዘው ይመጣሉ። የቱን ላስቀድም? የቴሌግራሙ ግሩፕማ ፋታ አይሰጥም።

ዛሬ ግን ባሰ። ለስብሰባ ባሕር ዳር የመጡ እንግዶች ዘጌ ሄደው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም ማየት ፈለጉ። "ጀልባ ፈልጊላቸው" ተባልኩ። እኔ! የሒሳብ መዝገብ ዘርግቼ! ጣና ዳር ወርጄ በጀልባ ዋጋ ልከራከር?

"ሁለት ደቂቃ ነው" ትላላችሁ። አይደለም! ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳይታዋለች፤ ሰው ሥራ ሲቀይር ሐሳቡ ከፊሉ ያልጨረሰው ሥራ ላይ ይቀራል። እኔም ስመለስ ድምሩን ከዜሮ ነው የምጀምረው። ስህተት ሲገኝ ግን ኦዲተር የሚጠይቀው ማንን ነው? እኔን!

ከ3 እስከ 5 ሰዓት በሬን ልዝጋ። ለዚህም ደብዳቤ ልጻፍ?