ይድረስ ለግድግዳው ሹም

ለክቡር ቦይለር፣
ከጣሪያው ሥር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ቀዝቃዛ አቀባበልዎ

ክቡርነትዎ፣

ግድግዳዬ ላይ ከተሾሙ ሰባት ዓመት ሆነዎት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ለእርስዎ የተተረተ መሆኑ የገባኝ ግን ትናንት ማለዳ ነው፤ ፀጉሬን በሳሙና ካሸሁ በኋላ። ቀና ብል ቀዩ መብራትዎ በርቷል። የሚወርደው ውሃ ግን አጥንት ይሰብራል። ለካ እርስዎም ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ከሚጠፉት ሹማምንት ወገን ነዎት፤ ባለጉዳይ ኮቱን አይቶ «አሉ» ይላል፣ እሳቸው ከወጡ ሰንብተዋል።

የጠራሁት ባለሙያ ይህን ብነግረው አልሳቀም። «መብራቱ በርቶ ውሃው ከቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ ሬዚስታንሱ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ ነው። መብራቱም ጠፍቶ ቢሆን ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውን ቴርሞስታት እጠረጥር ነበር» አለ። መብራትዎ የሚመሰክረው ኤሌክትሪኩ ማለፉን እንጂ ሥራው መሠራቱን አይደለም ማለት ነው። ሰውየው ብሬከሩን አጠፋ፤ አጥፍቶም አላመነው፣ በቴስተር አረጋገጠ። ከዚያ ክዳንዎን ከፍቶ ለካ። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 1500 ዋት ሬዚስታንስ 32 ኦም ገደማ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ሊያሳይ ይገባል። የእርስዎ ተበጥሶ ተገኘ።

«መጨረሻ ሰርቪስ የተደረገው መቼ ነው?» አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰርቪስ የመኪና ነገር ይመስለኝ ነበር።

ውሃዎን አፍስሶ የሆድዎን ክዳን ሲፈታ ነጭ ቅርፊት በእፍኝ በእፍኝ ተዘረገፈ። ውሃ ሲሞቅ የተሸከመው ካልሲየም ካርቦኔት ይረጋል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር እሱም ይብስበታል። ይኸው ቅርፊት ሬዚስታንስዎን እንደ ካፖርት ለብሶት ኖሯል። ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጫ ቢያጣ ራሱን ጠብሶ ሞተ። ዓምና ማታ ማታ ሲያንኮራፉ የነበረውም ለዚሁ ነው፤ ቅርፊቱ ሥር የታፈነው ውሃ እየፈላ፣ እንፋሎቱ እየፈነዳ። እኔ ደግሞ «አርጅቶ ነው» ብዬ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግቼ ተኛሁ።

ወደ ጠብታዎ ልለፍ፤ ዋናው ክሴ እሱ ነበርና። ከሥርዎ ካለችው ሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ ሲል ሰባት ዓመት ሙሉ ባልዲ ደቅኜልዎታለሁ። አንድ ጎረቤቴ እንዲያውም ቡሽ ይዞ መጥቶ «ወትፈውና ተገላገል!» ብሎኝ ነበር። ያዳነኝ ጥበቤ ሳይሆን ስንፍናዬ ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ወደመጣበት እንዳይመለስ መግቢያው ላይ ከልካይ አለ፤ ቧንቧ የከፈተ ሰው ከሌለ ትርፉ የሚወጣው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። እሷ ተደፍና ቴርሞስታቱም «በቃ» ማለት ቢያቅተው፣ ክቡርነትዎ ቦይለርነትዎ ቀርቶ ቦምብ ይሆናሉ። (ይኸው ጎረቤቴ ስለ ጋዝ ሲሊንደርም ምክር አለው። አልሰማሁትም።) እያሞቁ ትንሽ መንጠባጠብ ጤና ነው አሉኝ። ቀን ከሌት ካላቋረጠ ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ቫልቩ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል፤ ያኔም መፍትሔው ቡሽ አይደለም።

አሁን ደግሞ የሐዘን ነገር አለብኝ። በሆድዎ ውስጥ የማግኒዥየም ዘንግ ይኖር ኖሯል። ሥራው መበላት ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። የጋንዎ ብረት በመስታወት መሰል ኢናሜል ተቀብቷል፤ ቀለሙ ግን ስንጥቅ አያጣውም፣ ውሃም ስንጥቅ አይስትም። ማግኒዥየሙ ታዲያ «ብረቱን ተዉት፣ እኔን ብሉኝ» ብሎ ይቀርባል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሀምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ የባሕር ውሃ እንዳይበላው ሌላ ብረት አስጠግቶበት ነበር። የእርስዎ ዘንግ ሲወጣ የቀረው መሐል ያለው ሽቦ ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ተበልቶ አልቆ፣ አንድ ቀን «እንዴት ነህ?» ያለው የለም። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቢታይ በጊዜው ይቀየር ነበር። ሬዚስታንስ ይቀየራል፣ ቴርሞስታት ይቀየራል፣ ጎሚኒም ይቀየራል፤ የተበሳ ጋን ግን ተሸክሞ መጣል ነው። እርስዎ ለጥቂት ተርፈዋል።

ሌላም ነበረኝ። ለቁጠባ ብዬ ማዞሪያዎን 40 ላይ አድርጌ፣ ሲሸት «ምን በላ?» ብዬዎታለሁ። ባለሙያው ሽታውን ለጊዜው ተወው አለኝ፤ የውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ከማግኒዥየሙ ጋር ተባብሮ የሚያመጣው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው፣ አፍንጫ ይጎዳል እንጂ። 40ዋን ግን አልማራትም። ሌጂዮኔላ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ላይ ከተሰበሰቡ «ሌጂዮን» የተባለ ማኅበር የቀድሞ ወታደሮች ስሙን ያገኘው የሳንባ ምች ባክቴሪያ፣ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይመቸዋል፤ 60 ላይ ግን አይዘልቅም። እኔ ለካ በራሴ ሒሳብ አልጋ አንጥፌለት ኖሯል።

በዚህም መሠረት ክሴን ለጊዜው አንስቻለሁ። አዲሱ ሬዚስታንስ ገብቷል፣ ዘንጉም ተተክቷል። ጋንዎ በውሃ እስኪሞላ ድረስ ብሬከሩን እንዳልነካ ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል፤ ባዶ ጋን ላይ ቢበራ አዲሱም በደቂቃዎች ይቃጠላልና። የዛሬ ዓመት ቀጠሮ ይዣለሁ። የአጠቃቀም መመሪያዎንም አገኘሁት፤ ከነላስቲኩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ሳሙናው ገና ያልለቀቀው ተገልጋይዎ

ግልባጭ፦
ለማግኒዥየም ዘንግ፦ በሕይወት ስለሌሉ ለተተኪያቸው
ለጎረቤቴ፦ ከነቡሹ
ለባልዲው፦ ጠብታው ጤነኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ በሥራህ ቀጥል